ከመቀነት እስከ ቀዶ ጥገና
የወላድ ሆድ ታሪክ በላስታና በኢትዮጵያ

በላስታ አገር ሲነገር የኖረ አንድ ትረካ አለ። ይኸውም ከ800 ዓመት በላይ አስቀድሞ በሮሐ አንድ ሕፃን በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ መጥቶ ከበበው፤ እናቱም ይህን አይታ ንቦች የልጁን ንጉሥነት ዐወቁ ስትል ላሊበላ ብላ ስም አወጣችለት የሚል ነው። ሕፃኑ አድጎ ነገሠ። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት የርሱ ሥራ ተብለው ይታወቃሉ፤ ሮሐም የቀድሞ ስሟን ትታ በንጉሡ ስም ተጠራች። ስለ ልጁ ገድል ተጽፏል፤ ስለ ንቦቹም ይተረካል። ስሙን ያወጣችው እናት ግን በትረካው ውስጥ የምትታየው ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከአራስ ቤት እንዴት እንደ ወጣች፥ ሰውነቷ ጸንቶላት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ተራኪ የለም።

ነገሩ በጥንቱ ዘመን ብቻ ተወስኖ የቀረ አይደለም። በዚያው በላሊበላ፥ በቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ ውስጥ ከዐለቱ የተቈፈረ ጥልቅ ገንዳ አለ። ልጅ የናፈቃቸው ሴቶች በልደት በዓል ሰሞን በእምነት ይጠመቁበታል። ልጅ ለማግኘት የሚደረገው ጸሎትና ስለት ብዙ ነው፤ ልጅ ሲገኝም እልልታው ይቀልጣል። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ግን ዘጠኝ ወር የተሸከመው ሆድ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ይቈጠራል።

ሆድ ካገር ይሰፋል ይላል ያገራችን ተረት። ተረቱ የተነገረው ስለ ምስጢር ቻይነት ነው፤ ነገር ግን ወላድ ሴትን እያየን ቃል በቃል ብንወስደውም ሐሰት አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ የሰፋ ሆድ ከወሊድ በኋላ ምን እንደሚደርስበት፥ አባቶቻችንና እናቶቻችን በምን ይደግፉት እንደ ነበረ፥ የቀዶ ጥገና ጥበብም ከየት ተነሥቶ እንዴት ወደ እኛ እንደ ደረሰ በአጭሩ ለማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰውነት አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ያላረገዘች ሴት ማኅፀን ክብደቱ ከ70 ግራም እምብዛም አያልፍም። በመውለጃዋ ወራት ግን ሽሉንና የሽርት ውሃውን ሳይጨምር ማኅፀኑ ብቻውን አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከወሊድ በኋላ እየተኰማተረ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ዳሌ አጥንት ውስጥ ይመለሳል፤ በስድስት ሳምንትም ወደ ቀድሞው መጠኑ ይቃረባል። ማኅፀን በዚህ ፍጥነት ሲመለስ የሆድ ግድግዳ ግን እንደርሱ ፈጣን አይደለም። ከደረት አጥንት እስከ ታችኛው የዳሌ አጥንት ድረስ በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም ጡንቻዎች ወርደዋል፤ በመካከላቸውም ሐኪሞች ነጭ መስመር የሚሉት ጠንካራ ጅማት ያያይዛቸዋል። ሽሉ ሲያድግ ይህ ጅማት ይሳሳል፤ ጡንቻዎቹም ይራራቃሉ። ቈዳውም ይለጠጣል፤ ሸንተረር የሚባለውን ምልክት ያበጃል።

ይህ መራራቅ የሰነፍ ወይም የደካማ ሴት ምልክት አይደለም። በኖርዌይ አገር 300 የበኵር ልጅ እናቶችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2016 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ባወጡት ጥናት መሠረት ከወለዱ ስድስት ሳምንት በኋላ ከመቶው 60ዎቹ፥ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ከመቶው 33ቱ ያህል ጡንቻዎቻቸው እንደ ተራራቁ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ነገሩ የብዙዎች መሆኑን፤ ሁለተኛው፥ ጊዜ ራሱ ታላቅ ሐኪም መሆኑን ነው። ሆኖም ጅማቱ ከመሳሳት አልፎ ቀዳዳ ሲያበጅ፥ ይልቁንም በእንብርት ዙሪያ፥ አንጀት ወይም የሆድ ስብ በዚያ ቀዳዳ ወጥቶ እንደ እባጭ ይታያል። ሄርኒያ የሚባለው ይህ ነው፤ እርሱም በጊዜ ብዛት አይድንም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳይማሩ እናቶቻችን ያገኙት መላ መቀነት ነበር። በላስታ ደጋ፥ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ባሉት መንደሮች፥ አራስ ከተገላገለች በኋላ ጠያቂዎች እንኳን ማርያም ማረችሽ እያሉ ይገባሉ፤ ገንፎ በቅቤ ይቀርባል፤ አጥሚት ይጠጣል፤ የወላዲቱ እናት ወይም አዋላጂቱ ረጅሙን መቀነት በወገቧና በሆዷ ላይ ደጋግማ ትጠመጥምላታለች። ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፥ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፥ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራሷ ከከባድ ሥራ እንድትርቅ ልማዱ ያዛል። ይህን ልማድ በዛሬው ዕውቀት ብንመዝነው ብዙ በጎ ነገር እናገኝበታለን። ዕረፍቱ የተሳሳው ጅማት እንዲጠነክር ጊዜ ይሰጠዋል፤ ምግቡ ኀይል ይመልሳል፤ መቀነቱም በልኩ ሲታሰር ወገብን ይደግፋል፥ ስትነሣና ስትቀመጥ ሕመሙን ያቀልላታል።

ነገር ግን የመቀነት ጥቅም ወሰን አለው። መቀነት ከውጭ ይይዛል እንጂ የተቀደደውን ከውስጥ አይሰፋም። ከመጠን በላይ ሲጠብቅም የሆድን ግፊት ወደ ታች ይገፋዋል። ሆድ ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ወለልም አለውና፥ በወሊድ የላላው ወለል ሲገፋ ማኅፀን ዝቅ ብሎ እስከ መውጣት ይደርሳል። ከሁሉ በላይ ግን ልማዱ ያዘዘውን ዕረፍት ድህነት ይሽረዋል። ረዳት የሌላት የደጋ ሴት 40 ቀን ቀርቶ 10 ቀን ሳትቈይ እንስራዋን በጀርባዋ አዝላ ቍልቍለቱን ወርዳ ዳገቱን ትወጣለች፤ ጭራሮ ትሸከማለች፤ ወፍጮ ትፈጫለች። በጎንደር አካባቢ በዳባት ወረዳ በተደረገና በ2013 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በታተመ ጥናት፥ ሐኪም ከመረመራቸው ሴቶች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የማኅፀን መውረድ መታየቱ የዚህን ሸክም ክብደት ይመሰክራል። ከነዚያ ሴቶች ሕመሙን በአንደበታቸው የተናገሩት ግን ጥቂቶች ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ዝምታ የራሴን ቤት ምሳሌ ላቅርብ። እናቴ በላስታ ገጠር ስድስት ልጆች ወልዳ አሳድጋለች። እኔ በልጅነቴ የማውቃት መቀነቷን ሳታላላ ነው፤ የገበያ ገንዘቧንም በጫፉ ትቋጥር ስለ ነበር እኛ ልጆቿ መቀነቱ የገንዘብ ማኖሪያ ብቻ ይመስለን ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ውሃ ቀድታ ስትመለስ በደጃፍ ወድቃ ተገኘች። ሆዷን ይዛ ታስታውካለች። የጎረቤት ሴቶች መቀነቷን ሲፈቱላት ከእንብርቷ በላይ የጨቅላ ጡጫ የሚያህል ጠንካራ እባጭ አዩ። የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሌሊቱን ሲሄዱ አድረው ወደ መኪና መንገድ አደረሷት፤ ከዚያም ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ አንጀቷ በእባጩ ውስጥ ታንቆ እንደ ነበረና ግማሽ ቀን ብትዘገይ ኖሮ እንደማትተርፍ ነገረን። በቀዶ ጥገና ዳነች። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ፣

«እምዬ፥ ይህን ያህል ዘመን ስለ ምን ሸሸግሽን?» አልኋት።

«ልጄ፥ ምን ሸሸግሁ? የወላድ ሆድ እንዲህ ነው ብዬ ነው እንጂ» ስትል መለሰችልኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም የሚለው ተረት ይታወቃል። እናቴ ግን የደበቀችው በሽታ መሆኑን ስለማታውቅ ነበር። ይህ መልሷ ነው የነገሩን ታሪክ እንድመረምር ያነሣሣኝ።

የሆድ ቀዶ ጥገና በዓለም ላይ የተስፋፋው ሦስት ነገሮች ከተገኙ በኋላ ነው፤ ማደንዘዣ፥ ንጽሕናና ስፌት። በዚህ ክፍል የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። በ1846 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በኤተር የደነዘዘ በሽተኛ በሕዝብ ፊት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ1847 የስኮትላንዱ ሐኪም ጄምስ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን ለወላዶች ሰጠ። በ1867 ጆሴፍ ሊስተር ቍስልን ከመመረዝ የሚጠብቅበትን ዘዴ ጻፈ። በ1882 ጀርመናዊው ማክስ ዜንገር ሕፃን በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ማኅፀኑን በሚገባ መስፋት እንደሚያስፈልግ አስረዳ። ጥበቡ ግን የአውሮፓ ብቻ አልነበረም። በ1879 ሮበርት ፌልኪን የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ በዛሬዋ ኡጋንዳ በቡንዮሮ አገር ያገሬው ሐኪም እናቲቱን በሙዝ ጠጅ አስክሮ፥ እጁንና ሆዷንም በዚያው አጥቦ፥ ሕፃኑን በቀዶ ጥገና ሲያወጣ አይቷል። እናትና ልጅ በሕይወት ነበሩ።

የሆድን ግድግዳ ራሱን ማደስ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1890 በፈረንሳይ ደማርና ማርክስ የተባሉ ሐኪሞች የተንዘረፈጠ የሆድ ቈዳና ስብ ቈርጠው እንዳወጡ አስታወቁ። በ1899 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የሴቶች ሐኪም የነበረው ሃዋርድ ኬሊ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ጻፈ። የእነዚህ ሰዎች አሳብ መልክን ማሳመር ብቻ ሳይሆን ለመራመድ ያስቸገረውን ሸክም ማቃለል ነበር። በ1967 የብራዚሉ ሐኪም ኢቮ ፒታንጊ የ300 ሰዎችን ቀዶ ጥገና መርምሮ ባወጣው ጽሑፍ፥ ጠባሳው በልብስ ሥር በሚሸፈን ዝቅ ባለ ስፍራ እንዲሆን የሚያደርገው ዘዴ በዓለም እንዲታወቅ ረዳ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ታሪኩ የሚጀምረው ከላስታ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች አንድ ሕፃን ወደ ሕንድ ይዘው ሄዱ። ሕፃኑ በላሆር ሕክምና ተምረው፥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተብለው፥ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሐኪም ሆኑ፤ በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው አገለገሉ። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቍስለኞችን አከሙ። በ1902 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በነዚያ ዘመናት የሐኪም ቢላዋ ያገለገለው በይበልጥ የጦር ቍስለኛውን ነው። ወላዲቱ ግን በየጎጆዋ ማርያም ማርያም ከሚሉላት ጎረቤቶች በቀር ረዳት አልነበራትም።

ይህ ችግር ድኻንና ባለጸጋን እንዳልለየ የሚያሳይ ሐዘን በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ደረሰ። የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው ነበር። ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ ባላቸው ወለጋን በሚገዙበት ጊዜ በለቀምት ሳሉ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። ነርስ የነበሩት፥ የንጉሥም ልጅ የሆኑት ሴት በዚህ ምክንያት ከሞቱ የገጠሯ ሴት ዕጣ ምን እንደ ነበረ ማሰብ አያዳግትም። በስማቸው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠራ።

ወደዚሁ ሆስፒታል በ1951 ዓ.ም. ሐኪም ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ሐኪም ካትሪን ሃምሊን አዋላጆችን ሊያስተምሩ ከአውስትራሊያ መጡ። በዚያም በረዘመ ምጥ የተጎዱና ሽንት የማይቋጥሩ፥ በፊስቱላ ምክንያት ከሰው የተለዩ ሴቶችን አገኙ። በ1967 ዓ.ም. ለነዚህ ሴቶች ብቻ የሚያገለግል ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከፈቱ። ከታካሚዎቹ አንዷ የነበሩት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ፊደል ሳይቈጥሩ በሥራ ላይ ተምረው ቀዶ ጥገና እስከ መሥራትና ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደርሰዋል። ሐኪም ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በዚችው አገር ቈዩ።

ፊስቱላና የላላ ሆድ አንድ አይደሉም፤ ጉዳታቸውም አይተካከልም። ይህን ታሪክ ያመጣሁት አንድ ታላቅ ትምህርት ስላለበት ነው። ከዚያ በፊት ወሊድ ያደረሰው ጉዳት ዕጣ ፈንታ ተብሎ ይተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚጠገን ጉዳት መሆኑ ታወቀ። እናቴ የወላድ ሆድ እንዲህ ነው ስትል የተናገረችው የቀድሞውን አሳብ ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን ምርጫ አለ? የመጀመሪያው ምርጫ ትዕግሥት ነው። ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል ከከባድ ሸክም መራቅ፥ ከዚያም የሆድንና የዳሌን ጡንቻ ቀስ በቀስ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ማዘውተር ለብዙዎች ይበቃል። ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ቀዶ ጥገና መቸኰል አይገባም። ሁለተኛው፥ ሄርኒያ ላለባት ሴት ቀዳዳውን መስፋት ነው፤ ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን ሐኪሙ ለማጠንከሪያ ስስ መረብ ያኖርበታል። ሦስተኛው፥ ሁለቱን የተራራቁ ጡንቻዎች በስፌት ማቀራረብ ነው። አራተኛው፥ ከዚህ ጋር የተረፈውን ቈዳና ስብ ቈርጦ ማውጣት ነው። በዚህ ጊዜ ከሆድ በታች አግድም ይቀደዳል፤ ቈዳው ወደ ላይ ይነሣል፤ ጡንቻው ይሰፋል፤ ትርፉ ይቈረጣል፤ እንብርቱም በአዲሱ ቈዳ ላይ ቦታ ይበጅለታል። ስብን በቱቦ ብቻ መምጠጥ ግን የተራራቀውን ጡንቻ አያገጣጥምም፤ የላላውንም ቈዳ አይሰበስብም።

ይህ አራተኛው ሥራ ቀላል ሥራ አይደለም። ሙሉ ማደንዘዣ ይጠይቃል፤ ደም መፍሰስ፥ መመረዝ፥ ከቈዳ ሥር ፈሳሽ መጠራቀም፥ በእግር ሥር የረጋ ደም ወደ ሳንባ መሄድ ሊያስከትል ይችላል። ረጅም ጠባሳ ይተዋል፤ ለሳምንታትም ከባድ ነገር ማንሣት ይከለክላል። እንደገና ለማርገዝ የምታስብ ሴት ሆዷ ዳግመኛ ስለሚለጠጥ ወልዳ እስክትጨርስ ድረስ ብትቈይ ይሻላል። ስለዚህ ሥራው በሠለጠነ ሐኪም እጅና በተሟላ ሆስፒታል እንጂ በርካሽ ዋጋና በማስታወቂያ ብዛት የሚመረጥ አይደለም።

ከዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፥ ይህማ የከተማ ሴቶች ቅብጠት ነው ሊል ይችላል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ወገቧን ያመማት፥ ቆማ መዋል የተሳናት፥ በየሄደችበት እንደገና አረገዝሽ ወይ እየተባለች የምትሸማቀቅ እናት መፍትሔ ብትሻ ሊነቅፋት የሚችል ማን ነው? በሌላ በኩል ደግሞ ሆዷ የተሸበሸበባትን ጤነኛ እናት ካልተቀደድሽ ሙሉ ሴት አይደለሽም ማለትም ነውር ነው። ምርጫው የርሷ ነው፤ ዕውቀቱን የመስጠት ግዴታ ግን የኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ልናስብበት የሚገባን ይህ ነው። ገንዘብ ያላት ሴት በአዲስ አበባ ሐኪም መርጣ ትጠይቃለች፤ የላስታዋ ሴት ግን ዛሬም እባጯን በመቀነቷ ሸፍና ውሃ ትቀዳለች።

ለውጥ የለም ማለቴ አይደለም። በአገር አቀፍ ጥናቶች እንደ ታየው በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 26፥ በ2011 ዓ.ም. ከመቶ 48 ደረሱ። ከ1995 ዓ.ም. በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማርተዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ የደረሰው ጦርነት ግን የአካባቢውን ጤና ተቋማት ክፉኛ ጎድቷል። በደኅናው ዘመንም ቢሆን ጠያቂው ስለ ሕፃኑ ክብደትና ክትባት ይጠይቃል እንጂ የእናቲቱን መቀነት ፈትቶ የሚያይ ጥቂት ነው። አንዲት አዋላጅ ነርስ እናቲቱን አስተኝታ፥ ራሷን ጥቂት ቀና እንድታደርግ ነግራ፥ ጣቷን ከእንብርቷ በላይና በታች ብታሳርፍ የተራራቀውን ጡንቻ ለመለየት ከሁለት ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አይፈጅባትም። እባጩ ሲጠነክርና አልመለስ ሲል፥ ሕመምና ትውከት ሲከተል፥ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መድረስ እንደሚገባ ማስተማርም ወጪ አይጠይቅም። በየትምህርት ቤቱ ስለ ሰውነት አሠራር ሲነገር ይህም አብሮ ቢነገር ብዙ እናት ከቃሬዛ ይተርፋል።

እናቴ ዛሬም በሕይወት አለች፤ መቀነቷንም አልተወችም። አሁን ግን የምትታጠቀው ለወጉና ለገንዘቧ ነው። በመንደሩ ልጅ በተወለደ ቍጥር አራሷን ልትጠይቅ ትሄዳለች፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ ካለችም በኋላ ወንዶቹን ከቤት አስወጥታ፥ «ልጄ፥ እስቲ ሆድሽን አሳዪኝ» ትላለች ይባላል።

ወላድ በድባብ ትሂድ እያልን እንመርቃለን። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድባቡ ከራሷ በላይ ሲዘረጋ ከሥሩ ያለው ሰውነት የተረሳ እንደ ሆነ ምርቃቱ ጎደሎ ይሆናል። የላሊበላን እናት ትረካው ከስም አወጣጡ በኋላ ረስቷታል። የዛሬዪቱን የላስታ እናት ግን እንዳንረሳት ዕውቀቱም መሣሪያውም ስላለን፥ እኛ እንደ ተራኪው ብንረሳት ይቅርታ የሚያሰጥ ምክንያት የለንም።